ትንሽ ቶርኖ ቀጭን ዕቃ አይችልም ላላችሁት፣ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ነው ነገሩ

ሰሞኑን ቀጭን ብረት በትንሽ ቶርኖ (ብረት እያሽከረከረ በሚላጭ ማሽን) ፌስ ስለማድረግ፣ ማለትም ጠፍጣፋ ፊቱን ስለመላጨት፣ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሲዞር ነበር፣ ለኔም ሦስት ሰው "ይሄን አየኸው?" ብሎ ላከልኝ። ላላነበባችሁት ባጭሩ እንዲህ ይላል፤ ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ ትንሽ ቶርኖ ከ3 ሚሊ በታች የሆነ ዲስክ ሁለቱን ፊት ትክክል አድርጋ መላጨት አትችልም፣ የግድ ከሆነብህ ግን ባለ ሦስት ጃው ቻኩን (ዕቃውን በሦስት መንጋጋ ነክሶ የሚያሽከረክረውን መያዣ) ጥርቅም አድርገህ እሰር፣ ከኋላው ፓራለል (ውፍረቱ እኩል የሆነ ጠፍጣፋ ብረት) ደግፍ፣ በካርባይድ ኢንሰርት (መቁረጫው ቱል ጫፍ ላይ በሚታሰር ጠንካራ ስለት) ስስ ስስ እያደረክ ላጭ፣ ሙቀት አያሳስብህ፣ አንዱን ፊት ጨርሰህ ገልብጥ፣ እዛው ቻኩ ላይ እንዳለ በዲጂታል ካሊፐር ለካ፣ ሳትጨምቅ በሱፐር ግሉ አጣብቀህ ያዘው የሚሉህን ደግሞ አትስማቸው የልጅ ጨዋታ ነው። መጨረሻ ላይ ትልቅ ማሽን ያለው ሰው ጋር ውሰደው ብሎ ይዘጋል።

ጸሐፊው ብረት ነክቶ የማያውቅ ሰው አይደለም፣ ያበላሸውም ዲስክ ብዙ እንደሆነ ከአጻጻፉ ያስታውቃል፣ እኔም ስላበላሸሁ አውቀዋለሁ። ግን ያበላሸበትን ምክንያት ማሽኗ ላይ ለጥፎ ራሱን ነጻ አወጣ፣ ከዛ ደግሞ ያበላሸውን ዘዴ ለሌላው ሰው ምክር አድርጎ ሰጠ፣ እኔን ያናደደኝ ይሄኛው ነው። ስለዚህ በየነጥቡ ልመልስለት።

ትንሽ ማሽን አይችልም ከሚለው ልጀምር። ቶርኖ ፌስ ስታደርግ ፊቱን ቀጥ የሚያደርገው ክሮስ ስላይዱ (ቱሉን ወደ መሐል የሚያስገባው ተንሸራታች) ከስፒንድሉ (ቻኩን ከሚያዞረው ዘንግ) ጋር ያለው 90 ዲግሪ ነው አይደል፣ ይሄ ደግሞ የሚለካ ነገር ነው እንጂ የሚታመን ወይም የሚካድ ነገር አይደለም። ለትልልቅ ቶርኖዎች ሳይቀር ከሽሌዚንገር (የማሽን መፈተሻ ደንቦችን ካወጣው ጀርመናዊ መሐንዲስ) ጊዜ ጀምሮ የተለመደው መፈተሻ ፊቱ በ300 ሚሊ ዲያሜትር ላይ እስከ 0.02 ሚሊ መሐሉ ጎድጎድ እንዲል ይፈቅዳል፣ ማበጥ ግን አይፈቀድም። ይሄን ወደ 50 ሚሊ ዲስክ ስታወርደው 0.0033 ሚሊ ገደማ ነው። ትንሿ ማሽንህ ከዚህ ሦስት እጥፍ ብትብስ እንኳን 0.01 ላይ ነህ፣ እና ጸሐፊው ያማረረበት ስህተት 0.05 እና 0.08 ነበር። ይሄ ከክሮስ ስላይድ አይመጣም።

የራሳችሁን ማየት ከፈለጋችሁ ወፈር ያለ ዕቃ ፌስ አድርጉ፣ ኢንዲኬተሩን (ጥቃቅን እንቅስቃሴ በመርፌ የሚያሳየውን መለኪያ) ክሮስ ስላይዱ ላይ እሰሩና ከመሐል ወደ *ማዶኛው* ጠርዝ ውሰዱት። ቱሉ በሄደበት በዚህኛው በኩል ብትሄዱ ሁሌም ዜሮ ነው የሚያሳያችሁ፣ ምክንያቱም ያንኑ የተጣመመ መንገድ ነው ተከትላችሁ የምትሄዱት፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው "ማሽኔ ፐርፌክት ናት" ብሎ የሚሸወደው። ማዶ ስትሻገሩ ግን ስህተቱ እጥፍ ሆኖ ይታያል፣ ያነበባችሁትን ለሁለት ማካፈል ነው።

ትንንሽ ማሽኖች ላይ እውነተኛ ድክመት አለ ከተባለ የስፒንድሉ ወደፊት ወደኋላ መጫወት ነው። ብዙዎቹ ባለ 7 ኢንች ማሽኖች ውስጥ ያለው 6206 የሚባለው ተራ ቦል ቤሪንግ ነው፣ ከኋላ ያለው ነት ከላላ ቻኩን በእጅህ ገፋ ሳብ ስታደርገው ኢንዲኬተሩ ይንቀሳቀሳል፣ ያ እንቅስቃሴ ደግሞ ፌስ ስታደርግ ቀጥታ ፊቱ ላይ ይጻፋል። ነቱን አስተካክለህ ማጥበቅ ነው፣ አምስት ደቂቃ ነው፣ ጽሑፉ ግን ስለዚህ አንድ መስመር የለውም።

እሺ አሁን ወደ ዋናው እንምጣ፣ "ጥርቅም አድርገህ እሰር" ወደሚለው። የችግሩ ሁሉ እናት ይቺ ናት። ያገለገለ ቻክ ጃዎቹ አፋቸው ጋ ሰፋ ይላሉ፣ ስለዚህ ዲስኩን የሚነክሱት ሙሉ ጠርዙን ሳይሆን ወደ ኋላ ያለውን ጠርዙን ብቻ ነው። ወፍራም ዕቃ ላይ ግድ የለም። ቀጭን ላይ ግን ከኋላ በኩል ስትጨምቀው መሐሉ ወደ አንተ ያብጣል፣ በዓይን አይታይም ግን ያብጣል። አንተ ያንን ያበጠውን ትላጨዋለህ፣ ኢንዲኬተር ታስጠጋለህ፣ ፀጥ ይላል፣ ደስ ይልሃል። ከዛ ቻኩን ስትፈታው ዲስኩ ወደ ራሱ ቅርጽ ይመለሳል፣ የላጨኸው ፊት ደግሞ ሳህን ይሆናል። እኔ በመጀመሪያ የሠራሁት 60 ሚሊ ስፋት 2 ሚሊ ውፍረት ያለው የአሉሚኒየም ዲስክ ቻኩ ላይ እያለ ስህተቱ ከ0.01 አይበልጥም ነበር፣ አውጥቼ መስታወት ላይ ሳስቀምጠው 0.07 ጎድጉዶ አገኘሁት፣ ሁለት ቀን ሙሉ ማሽኗን ስረግም ነበር፣ እሷ ምን አደረገች።

ቀጭን ሲሆን ለምን እንደሚብስ ደግሞ ሒሳቡ ቀላል ነው፣ የአንድ ሳህን ግትርነት ከውፍረቱ ጋር በሦስተኛ ፓወር ነው የሚሄደው፣ ውፍረቱን ከ4 ወደ 2 ሚሊ ስታወርደው ግማሽ ሳይሆን 8 እጥፍ ነው የሚለሰልሰው። 4 ሚሊ ላይ ያልተሰማው የቻክ ቁልፍ 2 ሚሊ ላይ ጉድ ይሠራል። ስለዚህ ምክሩ ግልብጡ ነው መሆን ያለበት፣ ዕቃው በቀጠነ ቁጥር መጭመቁን ቀንስ፣ ማቀፉን ጨምር። በጃው የግድ የምትይዝ ከሆነ ሶፍት ጃው (በዕቃው ልክ የሚቆረጥ ለስላሳ መንጋጋ) አስገባ፣ ከኋላ በኩል ቀለበት አስነክሰህ ልክ ዕቃውን በምትይዝበት ጥብቀት አጥብቀህ፣ ከፊት በኩል በዲስኩ ትክክለኛ ዲያሜትር 1 ሚሊ ወይም 1.5 ሚሊ ጥልቀት ያለው ደረጃ ቁረጥበት። ዲስኩ ደረጃው ላይ ሲቀመጥ ጀርባውም ጎኑም ይደገፋል፣ ቁልፉን በሁለት ጣት ያህል ማጥበቅ ይበቃል።

ፓራለሉ ላይ ግን ቆም ማለት አለብን፣ ይሄ የትክክለኛነት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የዓይንና የጥርስ ጉዳይ ነው። ጽሑፉ "ከኋላ ፓራለል ደግፍና ላጭ" ነው ያለው፣ በቃ፣ *አውጣው* የሚል ቃል የትም ቦታ የለም። ወገን፣ ፓራለል ዲስኩን ቀጥ አድርገህ እስክታስረው ድረስ ብቻ ነው፣ ማሽኑ ከመነሳቱ በፊት መውጣት አለበት፣ የረሳኸው ፓራለል በ600 ዙር ቻክ ውስጥ ምን እንደሚያደርግ ማየት አትፈልግም። ሲወጣ ደግሞ የዲስኩ ጀርባ ባዶ አየር ነው፣ ስለዚህ ቱሉ መሐሉን ሲገፋው የሚመክተው የለም። ቀጥ ማድረጉ ላይ ይረዳል፣ እስማማለሁ፣ በተለይ ጃዎቹ ሲጠብቁ ዕቃውን ወደፊት ስለሚያነሱት በፕላስቲክ መዶሻ መታ መታ አድርጎ ፓራለሉ አልንቀሳቀስ ማለቱን በጣት ማየት ጥሩ ልማድ ነው። ድጋፍ ግን አይደለም።

"ስስ ስስ አድርገህ በካርባይድ" የሚለው ሲሰሙት ርኅራኄ ይመስላል፣ ቀጭን ነውና ቀስ በል ዓይነት። ፎቶው ላይ የያዘው ኢንሰርት አፍንጫው፣ ማለትም የጫፉ ክብነት፣ ራዲየሱ 0.8 ሚሊ የሆነ ይመስለኛል፣ ወፍራም ነው፣ የሚወስደው ደግሞ 0.05 ሚሊ። አሁን አስቡት፣ ጥልቀቱ ከአፍንጫው ራዲየስ በጣም ሲያንስ የሚቆርጠው የክቡ ታችኛው ጫፍ ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ ፊቱን ቀጥታ ወደ ቻኩ እያየ ነው ያለው፣ ስለዚህ ጉልበቱ በብዛት የሚሄደው ዲስኩን ወደ ኋላ ለመግፋት ነው። ፌሲንግ ላይ ወደ ኋላ መግፋት ማለት ደግሞ ያንን ደጋፊ የሌለውን መሐል መግፋት ነው። ይሸሻል፣ ቱሉ ያልፋል፣ ይመለሳል፣ መሐሉ ጉብ ብሎ ይቀራል፣ አንዳንዴም ይጮኻል። በዛ ላይ ተራ ኢንሰርት ጠርዙ ሆን ተብሎ ትንሽ ስለተደነዘ ስስ ስትወስድ ከመቁረጥ ይልቅ እየተሻሸ ያልፋል።

እኔ የምጠቀመው ለአሉሚኒየም የሚሠራውን የተወለወለ ስለታም ኢንሰርት ነው፣ አፍንጫው 0.2፣ ለብረትም ቢሆን እሱኑ፣ ቶሎ ያልቃል ግን ይቆርጣል። ከሱም የሚሻለው በድንጋይ ላይ በደንብ የተሳለ ኤችኤስኤስ (ሃይ ስፒድ ስቲል የሚባለው የመቁረጫ ብረት) ነው፣ 0.02 ብትለው 0.02 ያነሳልሃል። ኤችኤስኤስ ለተራ ብረት በደቂቃ 25 ሜትር ገደማ ይበቃዋል፣ ለ50 ሚሊ ዲስክ ስታሰላው 160 ዙር ነው፣ ወደ መሐል ስትገባ ዲያሜትሩ ስለሚያንስ ፍጥነቱም ይሞታል፣ ስለዚህ እየገባህ የፍጥነት መዘውሩን ቀስ እያልክ እያዞርክ ዙሩን ጨምር፣ ትንሿ ማሽን ፍጥነቷ በመዘውር መሆኑ እዚህ ላይ ጠቀመህ ማለት ነው። የቱሉ ቁመት ከመሐል ጋር ልክ መሆን አለመሆኑን ደግሞ መሐል ላይ የምትቀረው ጉብታ ትነግርሃለች።

ሙቀት ላይ የጻፈው ግማሹ ልክ ነው፣ ልክ የሆነውን ልክ ማለት ያስፈልጋል። 3 ሚሊ ብረት በ10 ዲግሪ ቢሞቅ ውፍረቱ የሚጨምረው 0.0004 እንኳን አይሞላም፣ እውነት ነው፣ እሱን ማንም አይለካውም። ግን ቀጭን ዲስክ ላይ ጉዳዩ መወፈሩ ሳይሆን የፊቱና የጀርባው ልዩነት ነው። 50 ሚሊ ስፋት 2 ሚሊ ውፍረት ያለው ስቴንለስ ፊቱ ከጀርባው በ5 ዲግሪ ብቻ ቢበልጥ ወደ 0.013 ሚሊ ያብጣል፣ ስቴንለስ ሙቀት በደንብ ስለማያስተላልፍ ደግሞ ይሄ ልዩነት በቀላሉ ይመጣል። አሉሚኒየም ላይ ቶሎ ስለሚበተን ብዙም አያስፈራም። ስቴንለስ ከሆነ የመጨረሻዋን ዙር ከመውሰድህ በፊት አቁመው፣ ውጣና ተንፈስ ብለህ ተመለስ።

አሁን ሱፐር ግሉ። እዚህ ላይ ረዘም ብዬ ነው የምጽፈው ምክንያቱም የልጅ ጨዋታ የተባለው የኔ ዋና መሣሪያ ነው። ሰዓት ሠሪዎች ከኛ በፊት ስንትና ስንት ዘመን ቀጫጭን ነገሮቻቸውን በሼላክ (ሲሞቅ በሚለሰልስ የተፈጥሮ ሙጫ) አጣብቀው ነው የሠሩት፣ የሱፐር ግሉም ሐሳብ ያው ነው፣ ዕቃውን ሳትጨምቀው መያዝ። ጸሐፊው ሁለት ነገር ነው ያለው፣ አንድ ይላቀቃል፣ ሁለት የሙጫው ውፍረት ስለማይታወቅ ልኬቱ ይበላሻል።

ይላቀቃል ለሚለው፣ አዎ በትክክል ካልሠራኸው ይላቀቃል። ሱፐር ግሉ ጎትቶ ለሚያንሸራትተው ጉልበት ጎበዝ ነው፣ ከጠርዝ ለሚገነጥለውና ለሚመታው ደካማ ነው፣ ሲሞቅ ደግሞ ይዳከማል። ስለዚህ ማዕዘን ያለው ዕቃ ወይም ጥርስ ያለው ነገር እየዘለለ የሚመታ ቁርጥ ስለሆነ አትሞክረው። ክብ ዲስክ ላይ ግን እንዲህ ነው የማደርገው፤ አንድ ወፍራም የአሉሚኒየም ቁራጭ ቻኩ ላይ አስሬ ፊቱን እዛው ፌስ አደርጋለሁ፣ ከዛ በኋላ ያ ቁራጭ ከቻኩ አይወጣም፣ ፊቱ ለዚህ ማሽንና ለዚህች ሰዓት እውነት ነው፣ አውጥተህ ስትመልሰው ውሸት ይሆናል። መሐሉን 0.2 ያህል ዝቅ አደርገዋለሁ ጠርዙ ላይ ሰፊ ቀለበት እንዲቀር፣ ቀለበቱ ላይ ሁለት ሦስት ቀጫጭን ቦዮች በቱሉ ጫፍ እጭራለሁ ትርፉ ሙጫ መሄጃ እንዲያገኝ። ሁለቱንም በአሴቶን እጠርጋለሁ፣ በጣት አልነካም፣ ጥቂት ጠብታ ስሱን ሙጫ አደርግና ዲስኩን አስቀምጬ በቴይልስቶኩ (ከቻኩ ፊት ለፊት ባለው መግፊያ)፣ መሐሉ ላይ ጠፍጣፋ ነገር አድርጌ፣ እገፋዋለሁ። በጣም አልገፋም፣ በጣም ከገፋህ ያው ጎብጦ ይጣበቅና ወደ መጀመሪያው ችግር ትመለሳለህ። እዛው ትቼው ሄጄ ሌላ ሥራ እሠራለሁ።

ለመፍታት አሴቶን ውስጥ ማሳደር ወይም ማሞቅ ነው፣ ስታሞቀው የሚወጣው ጭስ ዓይንና ጉሮሮ ስለሚያቃጥል መስኮት ከፍተህ፣ ፊትህን አዙረህ።

የውፍረቱ ክርክር ከመጀመሪያው ይሻላል፣ ያሳሰበኝም እሱ ነበር። ቱሉን ቁራጩ ፊት ላይ አስነክተህ ዜሮ ካልክና ከዛ ውፍረቱን ከቆጠርክ አዎ ሙጫው መሐል ገብቶ ያሳስትሃል። ግን ማን እንደዛ ቁጠር አለህ? እኔ የቁራጩን ጠርዝ አንድ ቦታ ላይ በሞረድ 8 ሚሊ ስፋትና 8 ሚሊ ጥልቀት እቆርጠዋለሁ፣ የማይክሮሜትሩ (በክር እየተጠመዘዘ ውፍረት የሚለካው መሣሪያ) እግር ወደ 6.5 ሚሊ ስለሆነ በዛች ክፍት ገብቶ የዲስኩን ጀርባ ይነካል፣ ዲስኩ እንደተጣበቀ ውፍረቱን ቀጥታ እለካለሁ፣ ሙጫው ምንም ያህል ቢሆን አያገባኝም። ይቺን ያገኘኋት አምስት ሮንዴላ ካበላሸሁ በኋላ ነው። እዛች ክፍት ጋ ዲስኩ ድጋፍ ስለሌለው ጠባብ አድርጓት እንጂ አታስፏት፣ ልኬቱም አንድ ቦታ ብቻ ስለሆነ ሙጫው ወዳንድ ወገን ወፍሮ ከሆነ አይነግራችሁም፣ እሱን ሲወጣ ዙሪያውን ስድስት ቦታ ለክታችሁ ታዩታላችሁ።

"አንዱን ፊት ጨርሰህ ገልብጥ" የሚለው ደግሞ ብረቱ ውስጥ ያለውን ነገር የረሳ ነው። በቀዝቃዛ የተዳመጠ ብረት ቆዳው ውስጥ ውጥረት ይዞ ነው የሚመጣው፣ ሁለቱ ፊቶች እርስ በርስ ተያይዘው ነው ቀጥ ያለው፣ አንዱን ቆዳ ሙሉ ለሙሉ ስትገፈው ሌላኛው ይጎትተዋል። ያለምንም ቻክ፣ ያለምንም ሙጫ፣ ራሱ ይጎብጣል። ስለዚህ ከሁለቱም ፊት እኩል እኩል እያነሱ፣ እየገለበጡ መሄድ ነው፣ ለመጨረሻ በየፊቱ 0.1 ያህል አስቀርቶ። አሰልቺ ነው፣ አልዋሽም፣ በሙጫ ከሆነማ እያንዳንዱ መገልበጥ አንድ ሙጫ ነው። የሚያሳጥረው አንድ ነገር ዕቃውን መምረጥ ነው፣ ካስት የሆነ (ቀልጦ ፈስሶ የተሠራ) የአሉሚኒየም ፕሌት ከተዳመጠው በጣም የተረጋጋ ነው።

ካሊፐሩን በሁለት መስመር ልለፈው። ጥሩ ዲጂታል ካሊፐር ራሱ 0.02 ይሳሳታል፣ 0.01 የሚያሳይ ቁጥር ስላለው 0.01 ይለካል ማለት አይደለም፣ ማይክሮሜትር አንሳ። ግን ማይክሮሜትርም የሚነግርህ ውፍረት ብቻ እንጂ ቀጥ ማለቱን አይደለም፣ ቅድም ያልኩት የጎበጠው ዲስኬ ሁለቱም ፊቱ ከተላጨ በኋላ ዙሪያውን ሁሉ እኩል ነበር፣ እንደ ሳህን ሆኖ እኩል። መስታወት ላይ አስቀምጠህ ጠርዙን በጣት ጫን ጫን ማድረግ፣ ከተንቀጠቀጠ መልሱን አገኘህ፣ ከዛ ገልብጠህ ኢንዲኬተር።

ጽሑፉ ጨርሶ ያልነካው ግን ብዙ የሚያስከፍለው ካሬጁን (ክሮስ ስላይዱን ተሸክሞ በማሽኗ ርዝመት የሚሄደውን) መቆለፍ ነው። ፌስ ስታደርግ ካሬጁ ወደ ኋላ ይገፋል፣ አንዳንዶቹ ትንንሽ ማሽኖች ደግሞ መቆለፊያ ሳይኖራቸው ነው የሚመጡት፣ ከሌለህ ሃፍ ናቱን (ካሬጁን ከረጅሙ ብሎን ጋር የሚያያይዘውን) ዝጋው፣ እሱም ይይዛል። ጥልቀቱን በኮምፓውንዱ (ክሮስ ስላይዱ ላይ ባለችው ትንሿ ተንሸራታች) ስጥ፣ ኮምፓውንዱን ከክሮስ ስላይዱ መስመር 5.74 ዲግሪ ብቻ አዙረው፣ ያኔ ዳያሉ ላይ 0.1 ስትሄድ ቱሉ ወደ ዕቃው የሚገባው 0.01 ነው። የትንሽ ማሽን የዲግሪ ምልክት መች ያን ያህል ያነባል እንዳትሉኝ፣ 6 ብታደርጉት እንኳን 0.01 ያላችሁት 0.0105 ነው የሚሆነው። የዳያሉን ልቅነት ግን ሁሌም ወዳንድ አቅጣጫ እየዞራችሁ አጥፉት።

አንድ ቦታ ላይ ከጸሐፊው ጋር ነኝ። ከ0.5 ሚሊ በታች የሆነ ብረት ከሆነ በቶርኖ እስከ መጨረሻው አልታገልም፣ በሙጫም ቢሆን። 0.02 ወይም 0.03 አስተርፌ አቆምና የቀረውን መስታወት ላይ በተለጠፈ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት፣ ዘይት ጠብ አድርጌ፣ ስምንት ቁጥር እየሠራሁ በየሃያው ዙር ዲስኩን ሩብ እያዞርኩ በእጄ አወርደዋለሁ። ጣት ወዳንድ ወገን ስለሚጫን ነው ማዞሩ። ለዚህ ትልቅ ማሽን ያለው ሰውም አያስፈልግም።